አዋልዲጌሳ ያልኩት ቀን

ባለፈው ሰኔ፣ ዝናቡ ገና ሲሞካክር፣ ከዩኒቨርሲቲው የመጣ አንድ ወጣት መምህር ሞባይሉን ወደ ፊቴ ዘርግቶ ፎቶ አሳየኝ። እኔ እንደ ልማዴ ከገበያው በታች ባለው የልብስ ሰፊው በረንዳ ላይ ተቀምጫለሁ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጠዋት ጠዋት የምውለው እዚያ ነው፤ እሱ ይሰፋል፣ እኔ የዓለምን ወሬ አወራለታለሁ፣ ሁለታችንም ሥራ ላይ ነን ብለን እናምናለን። ወጣቱ ከሩቅ ተመድቦ የመጣ ነው። «ጋሼ፣ ሽማግሌ እየፈለግኩ ነበር» አለኝ። ሽማግሌ መሆኔን ሰው ሲነግረኝ አሁንም ትንሽ ይደንቀኛል። መነጽሬን አውጥቼ አየሁ። ጆሮው የአህያ፣ አፍንጫው የአሳማ፣ ጀርባው የጎበጠ፣ ጅራቱ ከሥሩ ወፍሮ ወደ ጫፉ የሚቀጥን፣ ጥፍሮቹ አካፋ የሚያስንቁ እንስሳ ነው። «ይህን እዚህ አካባቢ አይተው ያውቃሉ?» ሲለኝ መነጽሬን አውልቄ መጥረግ ጀመርኩ። አውቀዋለሁ። ስሙን ለዚህ አካባቢ ልጆች ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ ጣጣውም ሁሉ የመጣው ከስሙ ነው።

«አንድ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ያውም ሞቶ» አልኩት። ዓይኑ በራ። በየጫካው ዛፍ ላይ በራሷ የምታነሳ ካሜራ እያሰረ ወራት መቁጠሩን አጫወተኝ። «እስካሁን ያገኘሁት ጅብ፣ ጃርት፣ የሰው ፍየልና ካሜራ ላይ ባትሪ ስቀይር የተነሳሁት እኔን ነው» አለና ሳቀ። ወደድኩት። የት እንዳየሁት ሲጠይቀኝ የሰፋሪዎቹን መንደር ነገርኩት፣ እዚያ የቀሩትን አዛውንቶች ፎቶውን እንዲያሳያቸው መከርኩት፣ አመስግኖኝ ሄደ። የማውቀውን ግማሽ ነበር የሰጠሁት። ሌላው ግማሽ ለሌላ ሰው የሚገባ ነው፤ ለዚያ ሰው ሳልነግረው ወደ አርባ ዓመት ሊጠጋኝ ነው። ልብስ ሰፊው የስፌት መኪናውን አቁሞ «ምነው ዛሬ ዝም አልክ?» ሲለኝ ሐሳቤ ወደዚያ ዘመን ነጉዶ ነበር።

ያኔ አሶሳ የጀመርከው ሲጋራ ሳያልቅ ከዳር እስከ ዳር የምታልፋት ከተማ ነበረች። ማንጎ በወቅቱ ዋጋ የለውም ማለት ይቻላል፤ ስሙኒ ከሰጠሃት ሴትዮዋ የምትቆጥርልህ ሳይሆን የምታፈስልህ ነበር፣ ዕቃ ካልያዝክ ደግሞ ሸሚዝህን ዘርጋ ትልሃለች። ሻይ በአሥራ አምስት ሳንቲም ይጠጣል። ሱቆቹ በር ላይ ከሱዳን የመጣ ሳሙና፣ ከሱዳን የመጣ ሽቶ፣ ከሱዳን የመጣ የፕላስቲክ ጫማ ይደረደራል፤ የበርታ ሴቶች በብጫና በሐምራዊ ቶብ ተጠቅልለው ሲያልፉ ያ አቧራማ መንገድ ሠርግ ያለበት ይመስል ነበር። ከፖስታ ቤቱ ማዕዘን አጠገብ አንድ ነጋዴ ሬዲዮኑን ቀኑን ሙሉ ሱዳን ላይ አድርጎ ይተወዋል። ቃሉን ሳልረዳ ዜማውን ለምጄው፣ ፈተና ሳርም ሁሉ አንጎራጉረው ነበር። እኔም ብትሉኝ የዋዛ አልነበርኩም፤ እግሩ ሰፊ የቴትሮን ሱሪ ነበረኝ። አዲስ አበባ ውስጥ ፋሽኑ ካለፈበት ቆይቷል፤ አሶሳ ግን ገና መድረሱ ስለነበር ሦስት ዓመት ሙሉ ዘናጭ ሆኜ ኖሬበታለሁ። ዛሬ በዚያው ማዕዘን የሞባይል ካርድና የጆሮ ማዳመጫ ይሸጣል፣ ባጃጁ ሳያስጠነቅቅህ ይታጠፋል።

ስሙን የሰማሁት ገና ወደዚህ ስመጣ ነው። ተመድቤ ከነቀምት በጭነት መኪና ተጭኜ፣ ከጨው ጆንያ ላይ ተቀምጬ ስመጣ፣ ባምባሲ ልንደርስ ትንሽ ሲቀረን የመኪናው የፊት እግር መንገድ ዳር ካለ ጉድጓድ ገባ። ሾፌሩ ተሳደበ፣ ሁላችንም ወረድን። ጉድጓዱ ሰው ተሸሽጎ ሊያድርበት የሚችል ነው፤ አፉ ላይ የተዛቀው አፈር ገና እርጥብ ነበር። ረዳቱ የባምባሲ ልጅ ነው፣ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ አየና «አዋልዲጌሳ ነው» አለ። ምን ማለት ነው ብዬ ጠየቅኩት። «አዋላ በኛ በኦሮምኛ መቃብር ነው፤ ዲጉ ማፍረስ። መቃብር አፍራሽ በለው» አለኝ። «ሰው ይበላል እንዴ?» ስለው ሳቀብኝ። «እኔ ምን አውቄ! ስሙ ነው» ብሎ ድንጋይ ሊፈልግ ሄደ። እኔ ግን ሃያ አራት ዓመቴ ነው፣ ከኮሌጅ ገና መውጣቴ ነው፣ እንዲህ ያለ ስም ሲገኝ ልቤ ይቀልጥ ነበር። ባዮሎጂ የሚያስተምር ሰው አንድ ቀን ክፍል ውስጥ እንደሚጠቀምበት ወዲያው ያውቃል።

የተመደብኩበት ትምህርት ቤት ሰፋሪዎቹ መንደር ውስጥ ነበር። መንደሮቹ ያኔ ስም አልነበራቸውም፤ አምባ ይባሉና ቁጥር ይሰጣቸው ነበር፣ የዚችኛዋን ቁጥር ልተወው። ሰዎቹ አብዛኞቹ ከወሎ የመጡ ናቸው፤ ድርቁ ከብታቸውን ጨርሶ እነሱን በአውቶቡስና በአውሮፕላን ያመጣቸው። ደጋ ለምደው እዚህ ሙቀት ውስጥ ሲወርዱ ወባው ጠበቃቸው። ስለዚያ ብዙ መጻፍ አልፈልግም። የመቃብር ቦታው ከመንደሩ ቀድሞ ተስፋፋ ብል ይበቃል። ክፍላችን ግድግዳው ቀርቀሃ፣ ጣሪያው ሣር ነበር፤ ቀርቀሃውን ምስጥ ይበላዋል፣ በየሴሚስተሩ አንድ ግድግዳ እንቀይራለን። አንድ ጊዜ ምስጡ ሣጥን ውስጥ ገብቶ የተማሪ ስም መጥሪያውን ከሀ እስከ ነ ድረስ በልቶት ተገኘና፣ ስማቸው የጠፋባቸው ልጆች ለሳምንት ቀሪ አይቆጠርብንም ብለው ፈነጠዙ። በየሜዳው ከሰው የሚረዝም ኩይሳ ቆሟል። ዝናብ ሲመታው የሚወጣው የኩይሳ ሽታ፣ አፈርም እንጉዳይም አሮጌ እንጨትም የሚሸተው፣ ዛሬም ካለሁበት አንስቶ እዚያ ክፍል በር ላይ ያቆመኛል።

ያን ቀን ያስተማርኩት ስለ አጥቢ እንስሳት ነበር። በመጀመሪያ ልጆቹን ላስቅ ብዬ «የዝሆን የቅርብ ዘመድ ማን ነው?» አልኳቸው። ጉማሬ አሉ፣ ጎሽ አሉ፣ አንዱ የወረዳውን ሊቀመንበር ብሎ በሳቅ ገደለን። «ሽኮኮ ነው» ስላቸው ማንም አላመነኝም። ሽኮኮን ወሎ ገደል ላይ ፀሐይ ሲሞቅ ያውቁታል፣ ድመት የሚያክል ነገር ነው። ጥርሱንና እግሩን በሰሌዳ ላይ ሥዬ፣ በሚሊዮን በሚቆጠር ዓመት ውስጥ ከአንድ አያት ወርዶ አንዱ ሲገዝፍ ሌላው እንዴት ትንሽ ሆኖ እንደቀረ አስረዳሁ። ቀጥዬም መጽሐፉ ስለ አንድ ሌላ እንስሳ የሚለውን ነገርኳቸው፤ ያ እንስሳ ዘመድ የለውም፣ በጠቅላላ አጥቢዎች መካከል ብቻውን የሚቀመጥ፣ ወንድምም የአጎት ልጅም የሌለው ነው። መጽሐፉ ውስጥ የነበረው የእንግሊዝኛ ስሙ ነው፤ እኔ ግን የአገሩ ስም ነበረኝ። ጠመኔውን አንስቼ በትልቁ ጻፍኩ። አዋልዲጌሳ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ዓይኔን አፍጥጬ «መቃብር አፍራሽ!» አልኩ። ክፍሉ አውካካ። ከፊት ረድፍ የተቀመጠችው ዘይነባ የምትባል የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ብቻ አልሳቀችም። ትንሽ ወንድሟ በወባ ሞቶ ከተቀበረ ገና ሳምንት አልሞላውም ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ አለመሳቋን አይቼ «ቀልዱ አልገባትም» ብዬ ነው ያለፍኩት። እንስሳው ምስጥ እንደሚበላ በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ልነግራቸው ነበር፤ ደወል ተደወለ።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በፊት ውጭ ጩኸት ሰማንና ወጣን። አራት ወንዶች ቃሬዛ ተሸክመው መጡ፤ በሽተኛ የሚያመላልሱበት የቀርቀሃ ቃሬዛ ነው፣ ሰው መስሎኝ ደነገጥኩ። ከፊት የሚመራው የዘይነባ አባት ጋሽ ይማም ነበር። ያኔ አርባ ያልሞላው፣ ትከሻው ሰፊ፣ ጥምጣሙ ሁልጊዜ ንጹሕ የሆነ ሰው ነው። ቃሬዛውን እግሬ ሥር አስቀመጡት። «መምህር፣ ያ መቃብር አፍራሽ ያልኸው ይኸው» አለኝ። ታሪኩን በጥድፊያ ነገረኝ። የሟች ልጁ መቃብር ዘንድ ዱዓ ሊያደርግ ሲሄድ ራስጌው አጠገብ ትልቅ ጉድጓድ ተቆፍሮ ያገኛል። የሚያደርገው ጠፍቶት ቤቱ ገብቶ ሲቀመጥ ልጁ ዘይነባ ትምህርት ቤት የሰማችውን ትነግረዋለች። ጎረቤት ሰብስቦ፣ ዶማና ጦር ይዞ፣ ጉድጓድ ለጉድጓድ እየተከተለ አገኘው። «ወላሂ፣ አንተ ባትኖር ስሙንም ሳናውቀው ይጨርሰን ነበር» አለኝና እጄን በሁለት እጁ ይዞ ሳመኝ። «አሁን ልቤ አረፈች» አለ። ፊቱ በእርግጥ ያረፈ ሰው ፊት ነበር፤ ያን ፊት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ሰዎቹ እንስሳውን ትተውልኝ፣ ቃሬዛውን ስለሚፈልጉት ይዘው ተመለሱ።

ተማሪዎቹን ወደ ቤት ሰደድኩና ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ሆዱን ከፈትኩት። አብሮኝ የነበረው ዘበኛው ሐሚድ ብቻ ነው። ሐሚድ በርታ ነው፣ መንደሯ ከመቆርቆሯ በፊት እዚያው ሜዳ ላይ ማሽላ ይዘራ የነበረ፣ ዕድሜውን የማያውቅ ቀጭን ሰው። አፉን ስከፍት ከፊት ጥርስ የሚባል የለም፤ ከኋላ ብቻ እንደ ጠመኔ ቁራጭ የደነዘዙ መንጋጋዎች አሉ፣ ምላሱ ግን ሲሳብ አያልቅም። ሥጋ ልቦጭቅ ቢልም የሚቦጭቅበት የለውም። ጨጓራው ውስጥ የነበረው አፈርና ምስጥ ነው፤ አንዳንዱ ምስጥ እግሩን ገና ያንቀሳቅስ ነበር። «ይሄ ሰው አይበላም» አለ ሐሚድ። «ይሄ ምስጥ ይበላል። ሰው ለምን ይበላል? እኛ ድሮ ጀምሮ ያውቃል።» በራሳቸው ቋንቋ የሚጠሩበትን ስም ነገረኝ። ምንም የመቃብር ነገር የሌለበት፣ አጭርና ለስላሳ ስም ነበር፤ እንዴት ብዬ እንዳልጻፍኩት አላውቅም፣ ጠፋብኝ። ከዚያ ሐሚድ በጣቱ ወደ ሆዷ አሳየኝ። ሴት ናት። ጡቶቿ ያበጡ ናቸው፣ ስነካቸው ወተት ወጣ። ከሦስት ቀን በፊት «አጥቢ ማለት ልጁን ወተት የሚመግብ ነው» ብዬ ሰሌዳ ላይ የጻፍኩት እኔ፣ እጄ ላይ ያለውን ወተት እያየሁ ቆምኩ። «ልጅ አለው» አለ ሐሚድ፤ «ጉድጓድ ውስጥ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።» የትኛው ጉድጓድ እንደሆነ እሱም እኔም አላወቅንም። አፈር ስናለብሳት «አንተ ንገር። የኔ አይሰማም፤ አንተ መምህር ነህ» አለኝ። እሺ አልኩት።

በሳምንቱ ብቻዬን መቃብሩ ዘንድ ሄድኩ። ጋሽ ይማም የልጁን መቃብር በድንጋይ ከቦታል። ጉድጓዱ ከድንጋዩ አንድ ክንድ ያህል ርቆ ይጀምራል፤ በርከክ ብዬ እጄን አስገብቼ አቅጣጫውን ለካሁ። ወደ ልጁ አይሄድም። ተጠማዞ ከመቃብሩ ቦታ ዳር ወዳለው ኩይሳ ነው የሚሄደው፤ ምስጡን ተከትላ ነው የቆፈረችው። አሁን ልነግረው ነው ብዬ ወደ ቤቱ አመራሁ። ደጁ ላይ ተቀምጦ ዶማ እጀታ ያስገባል፤ ሲያየኝ ተነስቶ ወንበር ጠረገልኝ፣ የልጁን ስም ጠርቶ «ደሙን መለስኩለት» አለኝ። እንዴት ብዬ? ይህ ሰው አገሩን፣ በሬዎቹን፣ ልጁን በሁለት ዓመት ውስጥ ያጣ ነው፤ ያገኘው አንድ ነገር ቢኖር ያቺን እንስሳ መግደሉ ነው፣ እሱንም ልቀማው? ለሱ አዝኜ ነው ዝም ያልኩት ብዬ ለብዙ ዘመን ራሴን አጽናንቻለሁ። ግን ሌላም ነገር ነበር። በዚያው ሳምንት በመንደሩ ስብሰባ ላይ ሊቀመንበሩ «ትምህርትን ከሕይወት ጋር ያገናኘ መምህር» ብሎ አስጨብጭቦልኛል። ጭብጨባው ጣፍጦኝ ነበር። ይህንንም አልደብቅም።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ወደ ሌሎቹ አምባዎች ሄደ። እኔ የሰጠኋቸው ስም ከእኔ ቀድሞ ይደርስ ነበር፤ ሜዳ ላይ አዲስ ጉድጓድ ከታየ ወንዶቹ ዶማ ይዘው ይወጣሉ። ቁጥሩን ማንም አልያዘውም። በየዓመቱ አንዲት ልጅ ብቻ የምትወልድ እንስሳ እንዲህ ስትታደን ብዙ አትቆይም። ከዚያ ትራክተሩ መጣ፣ ከዚያ ከሰል፣ ከዚያ ሰፋፊ እርሻ። ጉድጓዶቿ ሲደፈኑ ጉድጓዷን የሚከራዩት ሁሉ ተሰደዱ፤ ከርከሮውም፣ ጃርቱም፣ ዘንዶውም የሚያድሩት እሷ ቆፍራ በተወችው ቤት ነበር። ምስጡ ግን በረከተ። የመንደሩ ሰው በየክረምቱ «ምስጡ ዘንድሮ ባሰ» እያለ ሲያማርር፣ በቆሎው ከሥሩ ተበልቶ ሲወድቅ፣ ምክንያቱን እያወቅኩ አብሬ አማርር ነበር። በኋላ ዘመን ሊቃውንቱ ደሟን መርምረው የዘመድ ጥያቄዋን እንደፈቱት አነበብኩ፤ ለካ እሷም የዝሆንና የሽኮኮ የሩቅ ወገን ኖራለች። ያን ቀን ክፍል ውስጥ ባውቀው እንዴት ባማረብኝ! ቢሆንም ቅርብ ወንድም የላትም። ሌላ አውሬ ከአንድ ቦታ ሲጠፋ የሚመስለው ይተርፋል፤ እሷ ከምድር ብትጠፋ ግን የሚመስላት የለም፣ ያ ሁሉ ሚሊዮን ዓመት እዚያ ላይ ያበቃል። በሌላ አገር አሁንም አለች ይላሉ፣ ደስ ይለኛል። እዚህ ግን እኔ ራሴ በእግር በምደርስበት አካባቢ አዲስ የተዛቀ አፈር ካየሁ ሃያ ዓመት ሳያልፈኝ አይቀርም። ሐሚድም ሞቷል። እኔ ወደ ከተማው ሁለተኛ ደረጃ ተዛወርኩ፣ አገባሁ፣ ወለድኩ፣ ጡረታ ወጣሁ፤ ዛሬ እነግረዋለሁ ነገ እነግረዋለሁ ስል ዘመኑ እንዲህ አለቀ።

ወጣቱ ፎቶውን ካሳየኝ ከሁለት ሳምንት በኋላ የልብስ ሰፊው በረንዳ ፊት አንድ ባጃጅ ቆመና ወፈር ያለች፣ ሻሿን ወደ ኋላ ያሰረች ሴት ወረደች። «ቲቸር፣ አላወቁኝም?» አለችኝ። አፍጥጬ አየሁ። «ዘይነባ ይማም ነኝ። ከፊት እቀመጥ የነበርኩት።» ያ ሰሞን ካለፈ ወዲህ ትምህርት ቤት አልተመለሰችም ነበር፤ አሁን ልጆቿ ዩኒቨርሲቲ ጨርሰዋል። ተቃቅፈን ሰላም ከተባባልን በኋላ እጇን ከእጄ ሳታወጣ የመጣችበትን ነገረችኝ። «አንድ ልጅ መንደራችን መጥቶ ፎቶ አሳይቷቸው፣ አባቴ እንስሳው ምን ይበላል ብለው ጠየቁት። ምስጥ አላቸው። ሰው አይበላም? አሉት። በፍጹም አባባ አላቸው። ከዚያ ወዲያ እህል በቅጡ አልቀመሱም። ስሙን የነገረን መምህሩ ነው፣ እሱን አምጡልኝ ነው የሚሉት።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ለአባቴ የነገርኳቸው እኔ ነበርኩ ቲቸር። የሰማሁትን ነው የነገርኩት።» ዕድሜ ልኳን ይዛው እንደኖረች ከአነጋገሯ ገባኝ። «አንቺ ምን አጠፋሽ» አልኳት፤ «የሰማሽው ከእኔ ነው።» ልብስ ሰፊው ኮቴን አቀበለኝና ባጃጁ ላይ ወጣሁ።

ያኔ ሁለት ሰዓት ተኩል በእግሬ የምሄደው መንገድ በባጃጅ ሃያ ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። እንዲህ ቅርብ መሆኑ አሳፈረኝ። ቁጥር የነበረችው መንደር አሁን ቆርቆሮ በቆርቆሮ ናት፤ ወፍጮ ቤት አላት፣ የሞባይል ማማ አላት፣ ሰፋሪዎቹ የተከሉት ማንጎ ግንዱ በሁለት ሰው እቅፍ አይደርስም። ጋሽ ይማም ጥላ ሥር የቀርቀሃ አልጋ ላይ ተቀምጧል። ያ ትከሻ ተሰብስቧል፤ ዓይኑ በአንድ በኩል ፈዟል፣ ጥምጣሙ ግን ዛሬም ንጹሕ ነው። እጄን ይዞ አጠገቡ አስቀመጠኝ። ስለ ጤናዬ፣ ስለ ልጆቼ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ አሶሳ ገበያ ጠየቀኝ፤ የወሎ ሰው የቱንም ያህል ቢቸኩል ሰላምታ አያሳጥርም። ሁሉንም መለስኩ። እጄን አልለቀቀውም።

«ያ ልጅ አውሬው ሰው አይበላም አለኝ» አለ በመጨረሻ። «ልጅ ነው፣ ፎቶ ነው የያዘ። አንተ ግን እንስሳዋን ትተንልህ ሄድን። ከፍተህ አየሃት?»

«ከፍቼ አይቻታለሁ ጋሽ ይማም።»

«ሆዷ ምን ነበረበት?»

«ምስጥ። አፈርና ምስጥ ብቻ።»

«ሌላ?»

«ሌላ ምንም። የፊት ጥርስ እንኳ አልነበራትም።»

ራሱን ቀስ አድርጎ ነቀነቀ። ዘይነባ በሩ ላይ ቆማ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋለች።

«የልጄ ራስጌ የተቆፈረውስ?»

«ሄጄ አይቼዋለሁ። እጄን አስገብቼ ነው የለካሁት። ወደ ኩይሳው ነው የዞረው፤ መቃብሩን አልነካውም።»

«ልጄ እዚያው አለ ማለት ነው?»

«ልጅዎ እርስዎ እንዳስተኙት ነው ያለው።»

እጄን ለቀቀኝ። ሁለት እጁን ፊቱ ላይ አሳልፎ «አልሐምዱሊላህ» አለ፣ እንደገናም አለ፣ ሦስተኛው ላይ ድምፁ አልወጣም። እኔም አለቀስኩ፤ ማልቀሴ ሲገባኝ መነጽሬ ረጥቦ ነበር። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ይህን ያኔውኑ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ምነው?»

«ልቤ አረፈች ብለውኝ ነበር። ያገኙትን ዕረፍት ልወስድብዎ አልቻልኩም።» ይህን መልስ ዕድሜዬን ሙሉ ሳዘጋጀው የኖርኩ ነኝ፤ አፌ ላይ ሲደርስ ግን አንዲት ቃል ያህል እንኳ አልከበደም። ጭብጨባውን ልነግረው አፌን ከፈትኩ፣ እሱ ግን ቀደመኝ።

«እኔ እኮ ያረፍኩት ልጄ ተበልቷል፣ ደሙን መልሻለሁ ብዬ ነው» አለ፤ ሳይቆጣ፣ ለሕፃን እንደሚያስረዳ። ከዚያ በአገጩ ወደ ማዶ፣ መስጊዱ ወዳለበት ጠቆመኝ። «እናቱ አምና አለፈች። ከልጅሽ ጎን እናድርግሽ ብንላት እንቢ አለች። ባዶ መቃብር ጎን አታስተኙኝ አለች። እዚያ ነው የቀበርናት፣ ለብቻዋ።»

ዘይነባ ወደ ውስጥ ገባች፣ ትንሽ ቆይታ ፊቷን ታጥባ ተመለሰች። ጋሽ ይማም የእግሯን ድምፅ ሰምቶ ዞረ።

«ሰማሽ ዘይነባ? እኔን ከልጁ ጎን ነው የምታስተኙኝ።»

«እሺ አባ» አለች።

«በይ አሁን ለመምህሩ ሻይ አፍይለት» አለ። «ከመንገድ መጥቷል።»